ማን ሠራው?

ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የጃንሆይ መኝታ ቤት የት ነው?» ብሎ ነው። እኔና የእህቴ ልጅም የሄድን ዕለት ያደረግነው ይህንኑ ነው። አይፈረድብንም። ሕንፃው ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ዓመት ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የመኳንንት ደም ፈስሶበታል። አልጋውን አየን፤ መታጠቢያ ገንዳውንም አየን። «ይቺው ናት?» አለች ልጅቷ። ይቺው ናት።

የሙዚየሙ ብልሃት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የየብሔረሰቡን ዕቃ ለየብቻ ከፍሎ አልደረደረም። ሰው እንደሚኖረው ነው ያሰናዳው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ፣ በጉልምስናና በሥራ አልፎ፣ ሞት ላይ ያበቃል። ከደጋ የመጣውም ከቆላ የመጣውም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የቀብሩ ክፍል ስትደርስ «የእነሱ ባህል» ብለህ አታልፍም፤ «ለካ ሰው ለሞተበት ሰው እንዲህ ያደርጋል» ትላለህ። ይህን መማር ለዛሬዎቹ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። መስቀሉ፣ ሥዕሉ፣ በገናውና ማሲንቆው ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን ይፈልጋሉ።

ሸክላዎቹ ዘንድ ስንደርስ ልጅቷ «ጋሼ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አለችኝ። አፌ ተያዘ። ገንዳው የማን እንደነበረ አገር ያውቃል። ሸክላውን የሠራችው ሴት ግን ስሟ አልደረሰንም። ሙዚየሙን አልወቅስበትም። ዕቃው ከየቤታችን ሲወጣ ስም አብሮት አልወጣም፤ ማን ጠይቆ?

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ጀበና የምታመጣ ሴት ነበረች። ደጅ ተቀምጣ ትሸጣለች፤ ውኃ ሲጠማት የሚቀርብላት ቅል ለብቻው ነው። «ቡዳ ናት፣ እንዳትጠጋት» እንባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ እኛ ቤት አልደረሰም።

አሁን ያንኑ ጀበና መስተዋት ውስጥ ስናገኘው «ባህላችን!» እንላለን። እውነት ነው፣ ባህላችን ነው። የተለየው ቅልም ባህላችን ነበር፤ እሱን ግን መስተዋት ውስጥ አላየሁትም።

ማታ እናቴ ዘንድ ደወልኩና «ያቺ ጀበና ሻጭ ስሟ ማን ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «የቷ? ሸክላ ሠሪዋ?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አታውቅም።