ሽቦው ምን ይሸከማል?

የኔትወርክ ኬብል ጫፍ አስሮ የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን አይረሳውም። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች። ዩኒቨርሲቲ ሳለን እንደ ውዳሴ ማርያም እየደገምን ነው የያዝነው። በአንዱ ጫፍ አንዷን ካዛነፍክ ኬብሉ አይሠራም፤ ቆርጠህ እንደገና ትጀምራለህ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን፣ እውነቴን ነው፣ ብርቱካናማውን እንደ ብርቱካናማ አይቼው አላውቅም። ለእኔ ሁለተኛው ሽቦ ነበር፤ በቃ።

ቀለሙን ያየሁት የኤልያስ ስሜ ሥራ ፊት የቆምኩ ቀን ነው።

ኤልያስን ለማታውቁት፦ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሠዓሊ አልኩ እንጂ ብሩሽ ይዞ አይደለም የሚታወቀው። መጀመሪያ ሸራ ላይ በክር እየሰፋ፣ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን እየሰበሰበ ይሠራ ነበር። ከዚያ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ገባ። «ታይትሮፕ» (ሰው የሚሄድበት የተወጠረ ገመድ ማለት ነው) በሚል ስም ዓመታት የፈጀ ተከታታይ ሥራ አለው። ጥሬ ዕቃው ከመርካቶ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተበታተነ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ እንጨት ላይ በሚስማር ይመታዋል። እንጨቶቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ግድግዳ የሚያክል ነገር ይሆናል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ የሞተ ኮምፒውተር ነው።

ስለዚህ ሥራ ሲወራ በብዛት የሚሰማው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው «ከላይ የታየ ከተማ ይመስላል» ነው። ልክ ነው፣ ይመስላል፤ ግን ይህን ለማለት አስር ሰከንድ ይበቃል። ሁለተኛው «ሳይንስና ጥበብ የተገናኙበት» የሚለው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። በምን ተገናኙ? ማዘርቦርዱ እኮ ሞቷል። ኤሌክትሪክ አይሄድበትም፣ የሚያሰላው ነገር የለም። የሳይንስን ሬሳ ግድግዳ ላይ መስቀል ከሳይንስ ጋር መገናኘት ከሆነ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። ሁለቱ በእርግጥ ከተገናኙ የተገናኙበት ቦታ ዕቃው ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። እሱን ልፈልግ።

ከአንድ ሽቦ እንጀምር። ሽቦ ሁለት ነገር ነው፤ ውስጡ መዳብ፣ ላዩ ፕላስቲክ። ለቁራሌው ዋጋ ያለው መዳቡ ነው። ስለዚህ በብዙ የዓለም ከተሞች አሮጌ ኬብል ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ፕላስቲኩ በጥቁር ጭስ ይሄዳል፣ የተነፈሰውን ሰው ይጎዳል፣ መዳቡ ይቀራል። ለእኔ ቢጤው መሐንዲስ ደግሞ ዋጋ ያለው መዳቡም አይደለም፤ በመዳቡ ውስጥ የሚያልፈው ምልክት ነው። ኤልያስ የያዘው ሁለታችንም የጣልነውን ነው፤ ላዩን፣ ቆዳውን።

ነገሩን ቆም ብዬ ሳስበው የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ራሱ የሚያስፈልገው ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ ነው፤ ቀለሙ ግን ለሽቦው ምንም አያደርግለትም። ኤሌክትሮን ብርቱካናማ ውስጥ ይሂድ ሰማያዊ ውስጥ ግድ የለውም። ቀለሙ የተቀባው ለእኛ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጫፍ ለሚያስር ሰው ዓይን። ከዚያ ሁሉ ማሽን ውስጥ ለሰው ዓይን ተብሎ ብቻ የተሠራው ክፍል እሱ ነው። እና መሐንዲሱ ሥራውን ሲጨርስ ግድግዳ ውስጥ ቀብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ኤልያስ ለቴክኖሎጂው ከውጭ ውበት አምጥቶ አልለጠፈለትም። እዚያው የነበረውን፣ ለዓይን የተሠራውን ነገር ለዓይን መለሰው እንጂ።

ከተከታታዩ ሥራዎች ውስጥ «ኖይዝለስ» የሚል ስም ያላቸው አሉ፤ ጫጫታ የሌለው፣ ጸጥ ያለ እንደማለት። ይህን ስም ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ለምን መሰላችሁ፤ የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያሉት ስምንቱ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ ናቸው። የሚጠማዘዙት ለውበት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ጫጫታ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል ያርፋል፤ ተቀባዩ መሣሪያ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሆነ እኩል የሆነው ጫጫታ ይጣፋል። የቴሌፎኑ ሰውዬ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። አንድ ኬብል ውስጥ ያሉት አራቱ ጥንዶች ደግሞ እርስ በርስ እንዳይረባበሹ የጥምዘዛቸው ጥብቀት ይለያያል። አንድ ጊዜ ልጣችሁ እዩት፤ አንዱ ጥብቅ፣ አንዱ ላላ ያለ ነው። ጎንጉኖ ጸጥ ማሰኘት ማለት ይኼ ነው። ኤልያስ ይህንን አስቦ ነው ስሙን ያወጣው አልልም። ግን እጁ ሽቦውን ሲጎነጉን የሚያደርገው እንቅስቃሴ ኢንጂነሪንግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደርገው የኖረው ነው።

እጅ ካልኩ ስለ ጨረቃ ጉዞ ማንሳት አለብኝ። ነገሩ ሩቅ ይመስላል፤ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአፖሎ ኮምፒውተር ፕሮግራሙ የተቀመጠው ዛሬ በምናውቀው ዓይነት ቺፕ ላይ አልነበረም። የተሸመነ ነበር። ይህ ዘይቤያዊ አነጋገር አይደለም፤ ቃል በቃል ተሸምኗል። ትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ይደረደራሉ፤ ቀጭን ሽቦ በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፣ በውጭ በኩል ካለፈ 0 ይባላል። ይህን የሚሠሩት በማሳቹሴትስ፣ ዋልታም በሚገኘው የሬይቲዮን ፋብሪካ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ አካባቢው የሰዓትና የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች የነበሩበት ስለሆነ እጃቸው ለረቂቅ ሥራ የሠለጠነ ሰዎች ነበሩበት። አንድ መሣሪያ ትክክለኛውን ቀዳዳ ፊታቸው ያመጣላቸዋል፣ እነሱ ሽቦ ያለበትን መርፌ ያሾልካሉ። 36,864 ቃላት፣ እያንዳንዱ ቃል 16 ቢት። ቁጭ ብላችሁ አባዙት። አንድ ጊዜ ከተሸመነ በኋላ ፕሮግራሙን መቀየር ማለት እንደገና መሸመን ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ዛሬ ስህተት ሠርቼ በሁለት ደቂቃ አስተካክዬ እንደገና እልካለሁ፤ እነሱ ጋ ስህተት ሽቦ ነበረች።

የዚህ ማኅደረ ትውስታ ስም ምን ነበር? «ሮፕ»። ገመድ።

ታዲያ መሐንዲሶቹ ለዚህ ሥራ ሌላ የቀልድ ስም ነበራቸው፦ «የአሮጊቶቹ ሜሞሪ»። ፕሮግራሙን ያሰቡት ሰዎች ሳይንቲስት ተባሉ፣ የሸመኑት ደግሞ አሮጊቶች ተባሉ። የሁለቱ ሥራ ያለ አንዱ ጨረቃ አይደርስም ነበር፤ ሆኖም አንዱ እውቀት፣ ሌላው የእጅ ሥራ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህ ንቀት ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ነው ያሳደገን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? አስቂኙ ነገር ቋንቋችን ከእኛ የተሻለ ማወቁ ነው። ጥበብ እውቀት ነው፤ ጥበብ ኪነት ነው፤ ጥበብ ሸማኔው ቀሚስ ጫፍ ላይ የሚያወጣው ባለቀለም ጌጥም ነው። ብረት ሠሪው «ጠይብ» ሲባል ቃሉ የመጣው ከዚያው ከ«ጠቢብ» ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ በቃል ዝምድና ብቻ ክርክር የሚያሸንፍ ሰው እኔንም ይሰለቸኛል። ግን ያው ቃል ንጉሥን የሚያሞግስ፣ ጠይቡን ደግሞ የሚያሰድብ ከሆነ መሃል ላይ የተቆረጠ ነገር አለ። የተቆረጠው እጅ ነው።

የኤልያስ ሥራ ለእኔ እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚከብደው። ከአንትሮፖሎጂስቷና ኩሬተሯ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም፣ መካኒሳ፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በጭቃና በጭድ የተገነባ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ አጋጣሚ አይመስልም። የተናቀ እጅ፣ የተናቀ ዕቃ። «ታይትሮፕ» ውስጥ እውቀቱ የት እንዳለ ስትፈልጉ ማዘርቦርዱ ውስጥ አታገኙትም፤ ጉንጉኑ ውስጥ ነው ያለው። ስንት ሽቦ ከስንት ሽቦ፣ ምን ያህል ጠበቅ፣ የት ይታጠፍ፣ የት ይለቀቅ። እኔ ሰርኪት ቦርድ ላይ መስመር መዘርጋት የተማርኩት በሶፍትዌር ነው፤ መስመሮቹ እንዳይቋረጡ፣ እንዳይጠጋጉ፣ ሹል ማዕዘን እንዳይሠሩ። ቀኑን ሙሉ በማውስ ስጎትት የምፈታው ችግር እና እሱ በሚስማር የሚፈታው ችግር ወንድማማች ናቸው።

ሥራዎቹን ሁሉ ግን እኩል አልወዳቸውም። አንዳንዶቹ ላይ ቦርዶቹ በቀለም ተለይተው፣ በመጠን ተመሳስለው፣ ተደጋግመው ይደረደራሉ፤ አረንጓዴ ማዘርቦርድ ማዘርቦርድ መሆኑን አቁሞ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ያምራል። በጣም ያምራል። አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መግቢያ ላይ ቢሰቀል ማንንም አይረብሽም፤ ችግሩም እሱ ነው። ያ ቦርድ ከየት ማዕድን ተቆፈረ፣ ማን ገጣጠመው፣ ማን ጣለው፣ የቀረው የት ተቃጠለ የሚለው ጥያቄ በውበቱ ተሸፍኖ ያልፋል። እኔ የምመርጠው ከተከታታዩ ንዑስ ስሞች አንዱ «የሚታወቅ፣ ግን ውስብስብ» እንደሚለው፣ ዕቃው ምን እንደነበር ገና የሚነበብባቸውን ነው። የኪቦርድ ቁልፉ አሁንም የሰው ጣት የሚጠብቅ ሲመስል፣ ያኔ ዓይኔ ከከተማው ወርዶ ሰውዬው ላይ ያርፋል።

ሌላ ነገር። ብዙዎቻችን እነዚህን ሥራዎች የምናያቸው ስልክ ላይ ነው። የሞቱ ኮምፒውተሮችን ገና ባልሞተ ኮምፒውተር። በሁለት ጣት ከፍተን ለማጉላት እንሞክራለን፣ ከሆነ ደረጃ በኋላ ይደበዝዛል። በአካል ሲሆን አይደበዝዝም፤ በቀረባችሁ ቁጥር ሌላ ነገር አለ። ስለዚህ ዕድሉ ሲገጥማችሁ ሂዱና እዩ። ፎቶው ከተማውን እንጂ ጉንጉኑን አያሳይም።

አሁን ወደ ጀመርኩት ጥያቄ። የሬይቲዮኗ ሴት ሽቦውን በተሳሳተ ቀለበት ካሾለከች የሚያጋልጣት የመፈተሻ ማሽን ነበር። 1 መሆን የነበረበት 0 ሆኗል፤ ክርክር የለውም። የኔም ኬብል እንደዚያው ነው፤ መሞከሪያው ላይ ስምንት መብራት በተራ ካልበራ ተሳስቻለሁ። ሳይንስ ውስጥ ፈራጁ ውጭ ነው ያለው፣ የሚያስቀናውም እሱ ነው። የኤልያስ ሽቦ ግን የሚሞክረው ማሽን የለም። በግራ በኩል ቢታጠፍ በቀኝ ቢታጠፍ ምንም አይፈነዳም፣ ማንም ጨረቃ ላይ አይቀርም። እንግዲያው ስህተት የለበትም ማለት ነው? መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የፈለገውን ማድረግ ይችላል፣ ጥበብ ነው፣ ነፃ ነው ብዬ።

ሥራው ፊት ቆሜ ግን ሳላስበው ለረጅም ጊዜ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የሙያዬን ነው፤ ስህተት መፈለግ። ቀይ ጉንጉን ይዤ ከላይ ወደ ታች ተከተልኩት። ጥቁሮቹ መሃል ገባ፣ ጠፋ፣ ወጣ፣ ሰፋ ብሎ ዞረ። ታች ቀኝ ጥግ አካባቢ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ቀድሞ ታጠፈ። ቆምኩ። እዚህ ጋ ተሳስቷል፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማለት ነበረበት አልኩ በሆዴ። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፦ በየትኛው ዶክመንት መሠረት? የለም። መብራት የሚያበራ መሞከሪያም የለም። ሆኖም እርግጠኛ ነበርኩ። ወደኋላ ሦስት እርምጃ ሄጄ እንደገና አየሁት፤ ከሩቅ ሲታይ የቀደመው መታጠፊያ ከጎኑ ያለውን አረንጓዴ ሜዳ ያዝ አድርጎታል፣ ዝቅ ቢል ኖሮ ሜዳው ይፈስ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማን እንደነገረኝ ግን እስካሁን አላውቅም።