የተዘለለው የማቴዎስ 18 ክፍል

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023፣ ከምኖርበት ከኦርሊኮን በትራም የሚደረስበት የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ስዊዘርላንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥናት ይፋ አደረገ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሰነዱ 1,002 የወሲብ ጥቃቶች፣ 921 ተጎጂዎች፤ አብዛኞቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ነበሩ።

«ይህ የፈረንጅ ጉድ ነው» የምንል ካለን የራሳችንን እንይ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ይህ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ታረመ፤ ስብከታችን ግን ገና ነው። ዛሬም ለተደፈረች ልጅ ሽማግሌው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላታል፤ ሰባኪውም «ሰባ ጊዜ ሰባት»ን ይጠቅስባታል።

ይህ ቃል ከማቴዎስ 18 ነው። በዚያው ምዕራፍ ግን ክርስቶስ አስቀድሞ፣ ታናናሾችን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም እንደሚሻለው ተናግሯል። የበደለ እንዲወቀስ፣ እምቢ ካለም ለጉባኤ እንዲነገር አዟል። ጴጥሮስ ስለ ይቅርታ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ መጀመሪያውን ዘልለን መጨረሻውን በተጎጂዋ ላይ ጫንን።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የተሰነጠቀ ምሰሶ በልስን ቢሸፈን አይድንም። ይቅርታ ተጎጂዋ ስትፈቅድ የምትሰጠው እንጂ የጥፋተኛው መብት ወይም የማኅበሩ ገበና መሸፈኛ አይደለም። ለገበናችን የምንሳሳውን ያህል ለልጂቱ ብንሳሳ ከወንጌሉ አንዳች አይጎድልም።