የታላላቅ መደብሮች መዘጋትና «ዘመኑ ነው» የምንለው ነገር

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ዛሬ በአዲስ አበባ ጫማ በመሸጥ ይተዳደራል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ወደ ሱቁ ጎራ ብዬ፣ ደንበኞች ጫማ በሚለኩባት አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ገበያው እንዴት እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ምኑን ይጠይቁኛል! በእንግሊዝ አገር እንኳ መቶና ሁለት መቶ ዓመት የቆዩ መደብሮች ተዘግተው የለም ወይ? የእኛ ምን ይደንቃል፤ ዘመኑ ነው እንጂ የሚወቀስ ሰው የለም» ሲል መለሰልኝ። በዚያን ሰዓት ዝም አልሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ እረፍት ነሳኝ፤ በማስተማር ሥራ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ «የሚወቀስ ሰው የለም» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ የሰማሁት የክፍሉ መስኮት ከተሰበረ በኋላ ነውና።

ዘመን ብዙ ነገር እንደሚሽር አልክድም። ኤሌክትሪክ ኩራዝን፣ መኪናም በቅሎን ከከተማ አስወጥተዋል፤ ለዚህም የሚከሰስ ሰው የለም። ነገር ግን ሞት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ አርጅቶ በገዛ አልጋ ላይ መሞት ሲሆን፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ ተዘርፎ መሞት ነው። ከሩቅ ሆኖ ሬሳውን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። ተማሪዬ የጠቀሳቸው የእንግሊዝ መደብሮች የሞቱት በየትኛው እንደ ሆነ ለመመርመር ይህን ጽፌአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የሞተው ነገር በሕይወት ሳለ ምን እንደ ነበረ ሳያውቁ መፍረድ አይገባም። ዲፓርትመንት ስቶር የሚባለው ትልቅ መደብር ልብሱን፣ ጫማውን፣ ሳሕኑን፣ መጋረጃውንና የቤት ዕቃውን በየክፍሉ ለይቶ በአንድ ጣራ ሥር የሚሸጥ ቤት ነው። ከ1852 ጀምሮ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለው ነጋዴ በፓሪስ ቦን ማርሼ የሚባለውን መደብር ሲያሳድግ፣ ከዕቃው ብዛት ይልቅ ሰውን ያስደነቀው ዋጋው በዕቃው ላይ ተጽፎ መገኘቱና ማንም ሰው ገብቶ፣ አይቶ፣ ሳይገዛ ለመውጣት መቻሉ ነበር። በአሜሪካም በፊላዴልፊያ ከተማ ጆን ዋናሜከር እንዲሁ አደረገ። ከሁለቱም አስቀድሞ ክዌከር የሚባሉት የእንግሊዝ ክርስቲያኖች፣ ዋጋን ከፍ አድርጎ ጠርቶ ኋላ መቀነስ ሐሰት መናገር ነው ብለው፣ በሱቆቻቸው አንድ ዋጋ ብቻ ይናገሩ ነበር።

የተጻፈ ዋጋ ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ አለመሆኑን እኔ በልጅነቴ ዐውቄአለሁ። እናቴ ወደ ገበያ ስትወስደኝ፣ የወደድሁትን ዕቃ ትክ ብዬ እንዳላይ አስቀድማ ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ ነጋዴው የልጅን ዐይን ካየ ዋጋ ይጨምራልና። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግን ደብተርና እርሳስ በአንዲት ትንሽ መስኮት ሲሸጥልን፣ ዋጋው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ይታይ ነበር። የባላባት ልጅም ሆነ የገባር ልጅ የሚከፍለው ያንኑ ነው። ከዚያች መስኮት የመጀመሪያውን ደብተሬን በገዛሁ ቀን፣ የፈለግሁትን ነገር ፊት ለፊት ለማየት መፍራት እንደማይገባኝ ተማርሁ። ታላላቆቹ መደብሮች ይህንኑ ነገር ለሚሊዮን ሰዎች አደረጉ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መደብሮቹን መላእክት አላደርጋቸውም። ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ በ1883 ባሳተመው «ኦ ቦነር ዴ ዳም» በተባለው ልብ ወለድ፣ አንድ ታላቅ መደብር በአካባቢው ያሉትን ጨርቅ ሻጮችና ጃንጥላ ሠሪዎች አንድ በአንድ ሲውጣቸው አሳይቷል። ሻጮቹ ልጃገረዶችም በብዙ ቦታ ከመደብሩ በላይ ባሉት ጠባብ ክፍሎች ያድሩ፣ በጥቂቱም ጥፋት ደመወዛቸው ይቈረጥ ነበር። እንግዲህ ትናንት የዋጠው ዛሬ ቢዋጥ፣ ትንሹ ጃንጥላ ሠሪ ከመቃብሩ ሆኖ የሚያለቅስለት አይመስለኝም።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሂድ። በ1909 በሊቨርፑል ሥራ የጀመረው የዉልዎርዝ መደብር 807 ሱቆች ነበሩት፤ የመጨረሻው በጥር 2009 ሲዘጋ 27 ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ብሪቲሽ ሆም ስቶርስ፣ ባጭሩ ቢ ኤች ኤስ፣ በ2016 ተዘጋ። ጥንተ ሥሩ እስከ 1778 የሚደርሰው ዴበንሃምስ ደግሞ በግንቦት 2021 የመጨረሻ በሮቹን ዘጋ፤ ስሙን ብቻ በኢንተርኔት የሚነግድ አንድ ኩባንያ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ሕንፃዎቹንም ሠራተኞቹንም አልፈለጋቸውም።

የዘመኑ ድርሻ በዚህ ውስጥ የለም አልልም። በብሪታንያ በ2006 ከችርቻሮ ሽያጭ ሁሉ በኢንተርኔት የሚካሄደው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበር። በወረርሽኙ ወራት፣ በ2021 መጀመሪያ፣ ከመቶ 37 ያህል ደረሰ፤ ከዚያም ወርዶ ከመቶ 26 ገደማ ላይ ቆመ። በከተማ መካከል ያለው ሱቅ ግብር የሚከፍለው በሕንፃው የኪራይ ግምት መጠን ስለ ሆነ፣ ከከተማ ውጭ ባለ መጋዘን ዕቃ አከማችቶ በፖስታ ከሚልከው ነጋዴ ይልቅ ሸክሙ ይከብድበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪም በሽተኛው ጉንፋን እንደ ያዘው ካወቀ በኋላ፣ በደረቱ ላይ የጩቤ ቀዳዳ ቢያይ ጉንፋኑን ብቻ መዝግቦ አይሄድም።

የቢ ኤች ኤስ ነገር እነሆ። ፊሊፕ ግሪን የተባለው ባለጸጋ በ2000 መደብሩን በ200 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በዚያን ጊዜ የሠራተኞቹ የጡረታ ሣጥን ሙሉ ነበር፤ ሙሉም ብቻ ሳይሆን ትርፍ ነበረው። ከ2002 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ባለቤቶቹ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የትርፍ ድርሻ ወሰዱ፤ ከዚህም የሚበዛው ለግሪን ቤተ ሰብ ደረሰ። ከመደብሩ ሕንፃዎችም አንዳንዶቹ የቤተ ሰቡ ለሆነ ሌላ ኩባንያ ተሸጡ፤ ቢ ኤች ኤስም ትናንት የራሱ በነበረው ቤት ተከራይ ሆኖ ኪራይ ይከፍል ጀመር። ሽያጩ እየቀነሰ፣ የጡረታው ሣጥን እየጎደለ ሄደ። በመጋቢት 2015 ግሪን መደብሩን ለዶሚኒክ ቻፕል ሸጠው። ይህ ሰው በችርቻሮ ንግድ ልምድ የሌለው፣ ቀድሞም ከአንድ ጊዜ በላይ የከሰረ ነበር። ዋጋውም አንድ ፓውንድ ነው። አንድ ሚሊዮን አላልሁም፤ አንድ ፓውንድ። ከአንድ ዓመት ጥቂት ወዲህ ቢ ኤች ኤስ ከሰረ፤ 164 ሱቆች ተዘጉ፤ 11 ሺህ ሰዎች ከሥራ ወጡ፤ በጡረታው ሣጥን ውስጥም የ571 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ተገኘ።

ለፍርድ ሚዛን እንዲመች ይህንም መናገር ይገባኛል፤ ግሪን ገንዘቡን የወሰደው መደብሩ በሚያተርፍበት ጊዜ ነበር፤ የትርፍ ድርሻ መውሰድም በሕግ የተፈቀደ ነው። የእንግሊዝ ምክር ቤት ኮሚቴዎች በ2016 ጉዳዩን መርምረው ብርቱ ወቀሳ ካወጡ በኋላ፣ እርሱ በ2017 ለጡረታው እስከ 363 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ቻፕል ግን በ2020 ግብር በማጭበርበር የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ ገንዘቡ ከፊል የተመለሰው ሰዎች «ዘመኑ ነው» ብለው ዝም ባለማለታቸው ነው። ጠያቂ ባይነሣ ኖሮ የዚያ ሁሉ ሠራተኛ ጡረታ ጉድለት በኢንተርኔት ስም ተመዝግቦ ይቀር ነበር።

ዴበንሃምስም እንዲሁ። በ2003 ኩባንያ ገዝቶ መልሶ መሸጥን ሥራቸው ያደረጉ ሦስት የገንዘብ ድርጅቶች ገዙት፤ 23 ሕንፃዎቹን ሸጠው በረጅም ውል አስከራዩት፤ ለራሳቸው ብዙ ገንዘብ አወጡ፤ በ2006 ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ አሸክመው ወደ አክሲዮን ገበያ መለሱት። ልብ በሉ፤ በዚያ ዓመት በኢንተርኔት የሚሸጠው ገና ከመቶ 3 ያህል ነበር ብያለሁ። ጎርፉ ከመድረሱ በፊት የቤቱ ምሰሶ ተነቅሎ ተሸጦ ነበር ማለት ነው። የራሱ ሕንፃ ያለው መደብር በክፉ ቀን ኪራይ ስለማይጠየቅ ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥ፣ ዐሳቡንም መለወጥ ይችላል። ኪራይና የዕዳ ወለድ የተጫነበት ግን ጣራው ሲያፈስ የሚያድስበት እንኳ አያገኝም፤ ጣራው የሚያፈስ ሱቅም ደንበኛ አይጠራም።

በ2022 ልጄን ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ሄጄ ሳለሁ፣ በምትኖርበት ትንሽ ከተማ ዋና ጎዳና ላይ የአንድ መደብር ባዶ ሕንፃ አየሁ። ፊደሎቹ ከግድግዳው ተነቅለዋል፤ ነገር ግን በነበሩበት ቦታ ጭስና ዝናብ ስላልነካው፣ ስሙ በንጹሕ ድንጋይ ተጽፎ ከሩቅ ይነበብ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የልጄ ጎረቤት የሆነች አንዲት ሴት በዚያ ቤት የመጋረጃ ጨርቅ ስትሸጥ 31 ዓመት ኖራለች። ገዢው የመስኮቱን ስፋት ሲነግራት፣ ለእጥፋቱ ስንት ክንድ እንደሚጨመር ሳትጽፍ ታውቅ ነበር። መደብሩ መዘጋቱን የሰማችው ማታ በዜና ነው። ከሥራው መቅረት ይልቅ ያሳዘናት ምን እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየመጡ ምንም ሳይገዙ ከእርሷ ጋር ተጫውተው ስለሚሄዱ ሁለት አሮጊቶች ነገረችኝ። አሁን ማክሰኞ ወዴት እንደሚሄዱ አታውቅም።

በዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ምሳሌ አለ፤ ብተወው ሐቀኛ አልሆንም። ጆን ስፒዳን ሉዊስ የተባለው ነጋዴ በ1929 ከአባቱ የወረሰውን መደብር ለሠራተኞቹ ጥቅም በአደራ ማኅበር አቋቋመው። ከዚያ ወዲህ የጆን ሉዊስ ሠራተኞች ሸሪክ ይባላሉ፤ ትርፍ በተገኘ ጊዜም ከእርሱ ይካፈላሉ። ሕንፃ ነቅሎ የሚሸጥ፣ ትርፍ ይዞ የሚሄድ ባለጸጋ የላቸውም። ሆኖም ይህ ማኅበር እንኳ በ2020 እና በ2021 ዐሥራ ስድስት መደብሮቹ እንደሚዘጉ አስታወቀ፤ ከመካከላቸውም የሼፊልድ ከተማ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ሲመላለስበት የኖረው አንዱ ነው። ይህ በአልጋ ላይ የመጣ ሞት ነው። በእርግጥም ዘመን ያመጣው ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፤ እነዚያ በሙሉ ሲፈርሱ፣ ይህ ከአካሉ ከፊሉን አጥቶ ቀሪዎቹን መደብሮቹን ይዞ ቆሟል። ባለቤቱ ያላራቆተው ቤት ዘመን ሲመታው ይቆስላል እንጂ ወዲያው አይወድቅም።

እስካሁን ስለ ባለጸጎች ተናገርሁ፤ ባለጸጋን መውቀስ ለእኔም ለእናንተም ቀላል ነው። ወደ ተማሪዬ ሱቅ ብመለስ ግን ነገሩ ወደ እናንተ ይቀርባል። የእርሱን መደብር ያራቆተ ባለጸጋ የለም። ምን እንደሚያስቸግረው ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፤ «ወጣቶቹ ይመጣሉ፤ አራት አምስት ጫማ አስወርደው ይለካሉ፤ ልኩን ሲያገኙ በጫማው ውስጥ ያለውን ቍጥር በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ አመስግነው ይወጣሉ። ኋላ ሱቅ የሌለው፣ ኪራይ የማይከፍል ሻጭ በቴሌግራም አስመጥቶ በመቶ ብር ቅናሽ ያቀብላቸዋል።»

በርካሽ መግዛት ኀጢአት አይደለም፤ ድኻ ሰው መቶ ብር ቢተርፈው ደስ ይለኛል። በጡረታ የምኖር ሰው ነኝና የመቶ ብርን ዋጋ ዐውቃለሁ። ከቤቱ ሳይወጣ በስልክ የሚያዝዘውንም ሰው አልወቅስም፤ ከማንም ምንም አልወሰደምና። የምወቅሰው ያን ፎቶግራፍ ነው። ልኩን የነገራችሁ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ያሰረላችሁ፣ «ይህ ቆዳው ይለጠጣል፣ ያኛው ይጠብባችኋል» ያለው ሰው ሥራ ሠርቷል። የሥራውን ዋጋ ግን ሌላ ሰው ተቀበለ። የቢ ኤች ኤስ ባለቤት ሌሎች የደከሙበትን ወስዶ ሄደ ብለን ስንቈጣ፣ የሱቁን በርጩማ ተጠቅመን የበርጩማውን ኪራይ ለባለ ሱቁ ትተን መውጣታችን ከዚያ በመጠን እንጂ በዐይነት የሚለይበትን ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ፈልጎ ያገኝ ይሆናል፤ ካገኘ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ተማሪዬን ለማስለካት ለምን ገንዘብ አትጠይቅም አልሁት። ሳቀብኝ። «መምህር፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ዋጋ እንድጽፍ ነው፤ ሰውን በበሩ ላይ እንዳስከፍል አይደለም» አለና፣ በሩ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ስትገባ አይቶ፣ ተነሥቼ በርጩማውን እንድለቅላት ጠየቀኝ።