ሲረባ ነው ቃል የሚሆነው

ባለፈው ሰሞን ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ቃል መልቀም የጀመረ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ‹ጨብሲ› የማን ቃል ነው?» አለኝ። ደብተሩ ላይ «ምንጭ» የሚል ዓምድ አስምሯል። ዓምዱን ሰርዘው አልኩት።

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። በኦሮምኛ «ጨብሲ» ማለት «ስበር» ነው፤ ጫት ከተቃመ በኋላ ምርቃናውን የሚሰብረው መጠጥ ስሙን ከዚያ አገኘ። ይህ ግን የልደት ወረቀቱ ነው፣ ኑሮው አይደለም። እኔ ጆሮዬን የምጥለው እርባታው ላይ ነው። ትእዛዝ የነበረውን አማርኛ ስም አደረገው፤ ከስሙ ደግሞ ግስ አወጣለት። «እንጨብስ» ሲባል ምን እንስበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ምርቃና»ንም እዩት፤ «መርቅኜ»፣ «ይመረቅናል» እየተባለ ከ«መሰከረ» ጋር አንድ ቤት ገብቷል። ያልረባ ቃል እኔ ዘንድ ገና እንግዳ ነው።

ሥር ቆፋሪዎችን አልንቅም። የቮልፍ ሌስላው የሐረሪ ሥርወ ቃል መዝገብ (1963 እ.ኤ.አ.) ወፍራም ውለታ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን እንኳ በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር አሥር ቀን ሰንብቶ፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሐረሪ ቃላት ደርድሯል። መቼም የቸኮለ እንግዳ ስም ይለቅማል። ቃል ግን ከቤቱ ሲወጣ ጓዙን ይጥላል። እንግሊዝኛ ከአፍሪካንስ የወሰደው «ትሬክ» የበሬ ጋሪ ጉዞ ነበር፤ ዛሬ ስሜን ተራሮች ላይ «ትሬኪንግ» የሚሉት አስጎብኚዎች በሬም ጋሪም የላቸውም።

«እንግዲያው ‹መኪና› አይረባም፤ እንግዳ ነው?» ብሎ ልጁ ያዘኝ።

አፌን አስያዘኝ። ጣሊያንኛ ነው፣ አይረባም፣ ግን እኔ ያደግሁት እሱ ውስጥ ነው፤ አባቴ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። «መኪና» ሲባል ተሽከርካሪ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አባቴ በኦሮምኛ ይከራከራል፣ በሐረሪ ይቀልዳል፣ ሒሳቡን በአማርኛ ይቆጥራል። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ስገባ በ«አቦ»ዬ ሲስቁብኝ ሐረርን ከአፌ ላጥባት ሞከርኩ። ደብተር የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የታጠበውን ልመልስ።

ከመዘገብኳቸው አንደኛው «ወላሂ» ነው። አባቴ ማተቡን እንዳሰረ «ወላሂ፣ ሱሪህ ሐሙስ ይደርሳል» ይላል። እናቴ ትቆጣዋለች። «ታዲያ ሰውዬው እንዲያምነኝ በማን ልማል?»

ሱሪው ሐሙስም አልደረሰም።