ከጠረጴዛው ሥር ያረፈው ባለባንክ

በኢጣሊያ የፍሎረንስ ከተማው የሜዲቺ ቤተሰብ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ሎሬንዞንና ከቤቱ የወጡትን የሮም ሊቃነ ጳጳሳት ነው። የሀብቱ መሠረት የተጣለው ግን በሎሬንዞ ቅድመ አያት በጆቫኒ ዲ ቢቺ እጅ ነው። የዘሩ አገር ከፍሎረንስ በስተሰሜን የሚገኘው የሙጄሎ ሸለቆ ነው። ጆቫኒ በልጅነቱ አባቱ ሞተውበት፣ ሮም ውስጥ በዘመዱ በቪዬሪ ባንክ ሥራ ለመደ፤ በ1397 ደግሞ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የራሱን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ፍሎረንስ አዛወረ። ቤተ ክርስቲያን አራጣን ታወግዝ ስለነበር፣ ትርፉ የሚገኘው በአብዛኛው ከሐዋላ ወረቀትና ከምንዛሪ ልዩነት ነበር። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያተርፈውም ከጳጳሱ ግምጃ ቤት ጋር የሚሠራው የሮሙ ነበር።

ይህ ሰው በገንዘቡ ካሠራው ሁሉ እኔ የማልጠግበው በፍሎረንሱ ሳን ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ዕቃ ቤት ነው፤ ካህናት ልብሰ ተክህኖ የሚለብሱበትን ክፍል። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በ1420ዎቹ ሠራው። ወለሉ አራት ማዕዘን ነው፤ ጎኑ ዐሥራ ሁለት ሜትር አይሞላም። ግድግዳው ነጭ ልስን፣ ዓምዱና ቅስቱ ፒዬትራ ሴሬና የሚባለው ግራጫ ድንጋይ ነው። ከላይ ጉልላቱ በ12 የድንጋይ ዘንጎች ተወጥሮ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ይቆማል፤ በየዘንጉ መካከል ባለችው ክብ መስኮት ብርሃን ይገባል።

ወደ ማዕዘኑ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ከግድግዳው ጥቂት ወጣ ብለው የተቀረጹት ዓምዶች ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቦታ ያጥራቸዋል። ሌላ ግንበኛ ቢሆን ዓምዱን ይተወው ወይም ያጠብበው ነበር። ብሩኔሌስኪ ግን ልኩን አላዛባም፤ የዓምዱን ቀጭን ጠርዝ ብቻ አወጣና የቀረው ግድግዳው ውስጥ እንዳለ አስመሰለ። ዓይን ሳይጠየቅ ይሞላዋል። አንዲት ጠርዝ ይህን ያህል ሥራ ስትሠራ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በክፍሉ ያሉትን ክብ ቅርጾችና የነሐስ በሮች የሠራው ዶናቴሎ ነው። በየበሩ ላይ ሰማዕታትና ሐዋርያት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይከራከራሉ፤ እጃቸው አያርፍም። ብሩኔሌስኪ በእነዚህ በሮችና በክፈፋቸው እንዳልተደሰተ ይነገራል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ በሮቹ ለብቻቸው ድንቅ ናቸው፣ ለዚያ ጸጥተኛ ግድግዳ ግን ይከብዳሉ።

ጆቫኒ በ1429 ሞተ። መቃብሩን የሠራው የብሩኔሌስኪ የጉዲፈቻ ልጅ ቡጃኖ ነው። የተቀመጠውም በክፍሉ መካከል፣ ከእብነ በረዱ ጠረጴዛ ሥር ነው። የከተማው ባለጸጋ ልብሰ ተክህኖ ከሚዘረጋበት ሰሌዳ በታች ዐረፈ።

የልጅ ልጆቹ የፒዬሮና የጆቫኒ መቃብር በዚያው ክፍል ጎን አለ፤ ሎሬንዞና ወንድሙ ጁሊያኖ በ1472 በቬሮኪዮ አሠሩት። መቃብሩ ባለበት ቅስት ውስጥ ያለው መረብ የገመድ ነው ይባል ዘንድ ጥቂት ቀረው፤ ቋጠሮው፣ የክሩ ጥምዝ ሳይቀር ሁሉም ነሐስ ነው።

ወደ ሳን ሎሬንዞ የምትሄዱ ሁሉ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ያለውን የማይክል አንጄሎን ዕቃ ቤት ለማየት ትቸኩላላችሁ። እባካችሁ መጀመሪያ ወደ አሮጌው፣ ወደ ብሩኔሌስኪው ግቡ፤ ጊዜም ስጡት።