ብሩስ ስለ ቆላው ቀስት የጻፈው ሲመረመር

ጄምስ ብሩስ በ1772 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲወርድ በመተማ አካባቢ በሚገኘው በራስ ኤል ፊል በኩል አልፏል። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም የቆላውን ሰዎች ቀስት ይገልጻል። ቀስቱ ሰባት ጫማ ያህል የሚረዝም፣ ከዱር እንስላል የተሠራና እጅግ የሚለጠጥ ነው ይላል፤ ሠሪዎቹን ግን ለመሣሪያቸው አይጠነቀቁም ሲል ይነቅፋቸዋል።

ይህ ነቀፌታ ከራሱ ከጸሐፊው ምስክርነት ጋር ይጋጫል። የእንስላል አገዳ ለስላሳ ስለሆነ ይህን ያህል ጉልበት አይችልም፤ ምናልባት ያየው ሽመል የተባለውን የቆላ ቀርከሃ ይሆናል። የቀስቱ መርዘምም የግድየለሽነት ምልክት አይደለም፤ ረጅም እንጨት ሲለጠጥ ጫናው በርዝመቱ ሁሉ ስለሚከፋፈል በቀላሉ አይሰበርም። ከዚህም በላይ፣ አዳኙ ከገደለው አውሬ ሁሉ እርጥብ ቆዳ እየቆረጠ በቀስቱ ላይ እንደሚጠመጥም፣ ቀስቱ ደርቆ አልለጠጥ ሲል በዛፍ ላይ እንደሚሰቅለው፣ ከሁሉ የወደደውም አብሮት እንደሚቀበር የመዘገበው ብሩስ ራሱ ነው። ጌጥ የለውም የተባለው ቀስት የባለቤቱ የግዳይ መዝገብ ነበረ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጉሙዝንና ሌሎችን ሕዝቦች በአንድ የንቀት ስም መጠቅለሉ ነው፤ በዚህም የትኛው ቀስት የማን እንደሆነ አይለይም። እንግዲህ መጽሐፉን የሚጠቅስ ተማሪ የጸሐፊውን ትዝብት ከፍርዱ ለይቶ ሊያነብ ይገባዋል።