የያንግትዜ ወንዝ የዓሣ ክልከላ ፍሬው በምን ይመዘናል?

ዓሣው የተመናመነበት ወንዝ ለጥቂት ዓመታት ሳይነካ ቢቀመጥ ወደ ቀድሞ ብዛቱ ይመለሳል የሚለው አሳብ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቆጠራል። ለምስክርነትም የቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ይጠቀሳል። እኛ ግን ምስክሩ የሚናገረው ከፊሉን ብቻ መሆኑን ለአንባብያን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

2021 ዓ.ም. በባተበት ዕለት በዋናው ወንዝና በታላላቅ ገባሮቹ ዓሣ ማጥመድ ለ10 ዓመት ተከለከለ። ከ230,000 የሚበልጡ አጥማጆችም መረባቸውን ጥለው ሌላ ሥራ እንዲፈልጉ ግድ ሆነባቸው። ይህን ያህል ሕዝብ እንጀራውን ከለቀቀ ውጤቱ በትክክል ሊመዘን ይገባል።

ክልከላው ጥቅም የለውም አንልም። በአጭር ዕድሜው የሚራባ ትንሽ ዓሣ መረብ ሲነሣለት ቶሎ ይበዛል፤ እርሱን የሚበላውም ይጠግባል። ፖርፖይዝ የሚባለው ዶልፊን መሰል የወንዙ እንስሳ በ2017 ዓ.ም. 1,012፥ በ2022 ዓ.ም. 1,249 ሆኖ ተገምቷል። ጭማሪው ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ይህ እንስሳ በአንድ ጊዜ የሚወልደው አንድ ግልገል ነው፤ የኋለኛው ቆጠራም የተደረገው ሙሉው ክልከላ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ስለዚህ ጭማሪውን በሙሉ ለክልከላው መስጠት ከሒሳብ ጋራ አይስማማም።

ስተርጅን የተባለው ታላቅ ዓሣ ደግሞ በባሕር አድጎ ለመራባት ወደ ወንዙ ይወጣል። በ1981 ዓ.ም. የገጆባ ግድብ መንገዱን ዘጋበት። ሴቲቱ እንቁላል ለመጣል 14 ዓመት ያህል ያስፈልጋታል። እንግዲህ ክልከላው በታወጀ ቀን የተፈለፈለችው፥ ክልከላው ሲያበቃ ገና ለመራባት አልደረሰችም። በ2022 ዓ.ም. ከምድር ጠፍቷል ተብሎ የተመዘገበውን፥ አፍንጫው እንደ መቅዘፊያ የረዘመውን ዓሣ ግን የሚመልሰው ክልከላ የለም።

ካርፕ የሚባሉትም ዓሦች እንቁላላቸው በወራጅ ውሃ እየተንሳፈፈ ይፈለፈላል። በ2003 ዓ.ም. ውሃ መያዝ የጀመረው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ የውሃውን ሙቀትና የሙላቱን ወራት ለወጠባቸው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመራቢያቸው ወራት ከግድቡ ውሃ እንዲለቀቅላቸው መደረጉ፥ ችግሩ ከመረብ ብቻ እንዳልመጣ ያስረዳል።

በእኛ አስተያየት የክልከላው ፍሬ በዓሣው ጠቅላላ ብዛት ብቻ መመዘኑ ያሳስታል፤ ብዙ ትንንሽ ዓሣ የጥቂት ታላላቆችን መጥፋት ይሸፍናልና። እያንዳንዱ ዓይነት በራሱ ተራብቷል ወይ? ዕድሜው ከክልከላው ዘመን ጋራ ይመጣጠናል ወይ? መንገዱና ውሃውስ ተከፍቶለታል ወይ? ተብሎ ይጠየቅ። አጥማጁ የድርሻውን ከፍሏል፤ የቀረው ዕዳ የግድቡ ነው።